የጭንቅላት ሒሳብ በክፍል ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር፣ ደብተር ሳይወጣ፣ አምስት ደቂቃ በጭንቅላት እናሰላለን። ስለዚህች አምስት ደቂቃ ከወላጅም ከመምህርም ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጎበዝ ማለት ቶሎ የመለሰ ነው»

እኔም ለዓመታት እንደዚያ አምን ነበር። ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ሦስት ልጆች «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ ይነሳሉ፤ አንዱ ይመልሳል፤ እናልፋለን። የቀሩት ሃምሳ ልጆች የጀመሩትን ሐሳብ እዚያው ይተዉታል። ልጅ ሲጣደፍና ሲጨነቅ ደግሞ ቁጥሮቹን በጭንቅላቱ ይዞ ማቆየት ያቅተዋል። የሚያውቀው ራሱ ይጠፋበታል።

አሁን እጅ ማውጣት የለም። መልሱን ያገኘ አውራ ጣቱን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ሌላ መንገድ ካገኘ አንድ ጣት ይጨምራል። ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን። ባለፈው ሰሌዳው ላይ 48 + 27 ብዬ ጻፍኩ። አንዱ «ከ27 ላይ 2 ወስጄ ለ48 ሰጠሁት። 50 እና 25፣ 75» አለ። አንዷ 40ን ከ20፣ 8ን ከ7 ደምራ 60 እና 15 አለች። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ «30 ጨመርኩና 3 መለስኩ» አለ። 78፣ ከዚያ 75። ሦስቱንም መንገድ ሰሌዳው ላይ ጻፍኳቸው። እሱ በቸኮልኩባቸው ዓመታት ቢሆን ኖሮ አፉን አይከፍትም ነበር።

«በጣት መቁጠር ያሰንፋል»

አያሰንፍም። ትንሽ ልጅ አምስትንና አስርን የሚያውቃቸው በጣቶቹ ነው። «8 ላይ ስንት ብንጨምር 10 ይሞላል?» ሲባል ሁለቱን የታጠፉ ጣቶች ያያቸዋል። ሲበረታ በራሱ ጊዜ ይተወዋል። እባካችሁ እጁን አትምቱት።

«የማባዣ ሰንጠረዥ ከሸመደደ ይበቃዋል»

መሸምደድ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን 16 × 25 ሰንጠረዡ ላይ የለም። አንዱን ግማሽ፣ ሌላውን እጥፍ እያደረጋችሁ ሂዱ፤ 8 × 50፣ 4 × 100፣ 400። ልጆቼ ይህን ሲያዩ ያጨበጭባሉ። በግማሽና በእጥፍ የማባዛት ስልት በውጭ አገር «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ እንደሚጠራ ስነግራቸው ደግሞ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

«ቤት የሚያስጠናው የሌለ ልጅ አይችለውም»

ይሄኛው ያመኛል። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከትምህርት መልስ ጉሊት እናታቸው ጎን ይቀመጣሉ። አንዷ ደብተሯ ላይ 200 − 145 ስትሠራ መልሱን 145 ብላ ጻፈች። ከየአምዱ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ቀንሳ ነው። ያንኑ ቀን ወደ ማታ ጉሊታቸው ጋ ደረስኩ። ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛሁ፣ 145 ብር ሆነ፣ 200 ሰጠኋት። «እስከ 150 አምስት፣ እስከ 200 ሃምሳ» ብላ 55 ብር እጄ ላይ ቆጠረችልኝ። እናትየው ቀና ብላ እንኳን አላየችም፤ ታምናታለች።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ የሚነግዱ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን አምስት ልጆች ፈትኖ ነበር። ገበያቸው ላይ እንደ ደንበኛ ሲጠየቁ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያው ስሌት በወረቀት በባዶ ቁጥር ሲሰጣቸው ግን 37 በመቶውን ብቻ ነው ያገኙት።

በማግስቱ ጠዋት 200 − 145 ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ጠመኔውን ለእሷ ሰጠኋት። «ለደንበኛ መልስ እንደምትሰጪው አድርገሽ አሳዪን» አልኳት። 145ን ጻፈች፣ ቀስት አደረገች፣ 150፣ ሌላ ቀስት፣ 200። ከዚያ ዞር ብላ «ቲቸር፣ ይሄም ሒሳብ ነው እንዴ?» አለችኝ።