መደርደሪያው ያወጣው ሕግ፦ የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን እንዴት ይሠራል?

የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ይመኛል፤ ሥራው ግን መሸጥ ነው። ገዢው ኪዮስክ ፊት የሚቆመው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት መጽሔቱ ስሙን መናገር፣ ዘፋኙን ማሳየትና የሰውየውን እጅ ወደ ኪሱ መላክ አለበት። ዲዛይነሮች እንደ ሕግ የያዟቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከዚህ ጥድፊያ የተወለዱ ናቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ ቦታ እንጀምር። በአሜሪካና በእንግሊዝ ሱቆች መጽሔቶች ቆመው፣ አንዱ ሌላውን እየከለለ ይደረደራሉ። ከኋላ ያለው የሚታየው አናቱ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሲደራረቡ ደግሞ የግራ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ስሙ ከላይ ይሆናል፣ ትኩስ ወሬውም ወደ ግራ ይጠጋል። በ1986 የተጀመረው የእንግሊዙ የሙዚቃ መጽሔት ኪው (Q) ይህን እስከ ጥግ ወሰደው። ስሙ አንድ ፊደል ብቻ፣ ነጭ ቀለም፣ በቀይ ሳጥን፣ ከላይ በግራ ማዕዘን። አዘጋጆቹ ኋላ ላይ እንደገለጹት፣ ባለ አንድ ፊደል ስም ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ መደርደሪያ ላይ ቶሎ ዓይን ስለሚገባ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር የሚሸጥ ሰው ግን መጽሔቱን መሬት ላይ ዘርግቶ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጭንበታል። እዚያ ሙሉ ገጹ ስለሚታይ የግራ ጠርዝ ሕግ ብዙም አይሠራም። ጣጣው ድንጋዩ ዘፋኙ ፊት ላይ ያረፈ እንደሆነ ነው።

ከስሙ ቀጥሎ ፊት ይመጣል። የተለመደው አንድ ሰው፣ ከደረቱ በላይ፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እንኳ ገዢውን የሚያይ መምሰል አለበት። ፎቶው ትልቅ ስለሚሆን የዘፋኙ ጭንቅላት ከመጽሔቱ ስም አንድ ሁለት ፊደል ይሸፍናል። ሆን ተብሎ ነው። ለዓመታት የታወቀ መጽሔት ስሙ ቢሸፈንም አንባቢው አይስተውም፤ ትናንት የተጀመረ ግን ይህን ቢሞክር ማን እንደሆነ የሚያውቀው አያገኝም።

ባንድ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። አምስት ሰው አንድ ገጽ ላይ ሲታጨቅ ፊቶቹ ያንሳሉ። ዘዴው ድምፃዊውን ከፊት፣ ሌሎቹን ከኋላ ማቆም ነው። ከበሮ መቺው ምስኪን አብዛኛውን ጊዜ ጠርዝ ላይ ነው። ኤክስኤክስኤል የተባለው የሂፕ ሆፕ መጽሔት በ1998 ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። ከ170 በላይ ራፐሮችንና ፕሮዲውሰሮችን ኒው ዮርክ ውስጥ ሃርለም በተባለው ሰፈር ሰብስቦ በዝነኛው ፎቶ አንሺ በጎርደን ፓርክስ አስነሳ። ፎቶው አንድ ገጽ ላይ አልበቃ ስላለ ሽፋኑ ታጥፎ የሚዘረጋ ሆነ። አርት ኬን በ1958 የጃዝ ሰዎችን እዚያው ሃርለም ሰብስቦ ላነሳው ፎቶ የተሰጠ ምላሽም ነበር።

ስለዚህ ሙያ ሲነሳ ሮሊንግ ስቶን የተባለውን የአሜሪካ መጽሔት ማለፍ አይቻልም። በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጃን ዌነርና ራልፍ ግሊሰን ጀመሩት። የመጀመሪያው እትም በጋዜጣ ወረቀት የታተመ ሲሆን፣ ሽፋኑ ላይ የቢትልሱ ጆን ሌነን በወታደር ልብስ ነበር፤ ከተወነበት ፊልም የተወሰደ ፎቶ ነው። የስሙን ጽሕፈት የነደፈው የኮንሰርት ፖስተር ሠዓሊው ሪክ ግሪፈን ነው። ጽሕፈቱ ብዙ ጊዜ ተስተካክሏል፣ ጠባዩ ግን ዛሬም አለ። ሁለተኛው እትም ላይ ዘፋኟ ቲና ተርነር ወጣች።

ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይህ ሽፋን ራሱን የቻለ ማዕረግ ሆነ። ዶክተር ሁክ የተባለው ባንድ "ሽፋኑ ላይ ባወጡን" የሚል ቀልደኛ ዘፈን ዘፍኖ ተወደደለት። መጽሔቱም በመጋቢት 1973 አወጣቸው፤ ግን በፎቶ ፋንታ በካርቱን፣ ስማቸውንም ሳይጠራ "እነ ማን ነበር ስማቸው" በሚል ሹፈት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬም፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊኬንድ፣ በ2015 እዚህ ሽፋን ላይ ወጥቷል።

ከሁሉም የሚነሳው የጥር 1981 ሽፋን ነው። ራቁቱን የሆነ ጆን ሌነን ልብስ የለበሰችውን ባለቤቱን ዮኮ ኦኖን እንደ ሕፃን ተጠምጥሞ ጉንጯን ይስማል። አኒ ሊቦቪትዝ ያነሳችው ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ነው፤ ሌነን ከሰዓታት በኋላ ተገደለ። መጽሔቱ ፎቶውን ሲያወጣ አንድም አርዕስት አልጻፈበትም። ሁለቱ ሰዎችና የመጽሔቱ ስም ብቻ። በ2005 የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጆች ማኅበር ካለፉት 40 ዓመታት ሽፋኖች አንደኛ አድርጎ መርጦታል። ወሬውን ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው ጽሑፉ ቢቀር የሚጎድል ነገር አልነበረም።

የሽፋኑ ቅርጽ ራሱ ምን ያህል እንደሚናገር የታየው ግን በ2013 ነው። ሮሊንግ ስቶን ከቦስተን ማራቶን ቦምብ ጣዮች አንዱን ጆሃር ጻርናዬቭን ሽፋን ላይ አወጣ። ጸጉሩ የተንጨባረረ ወጣት ነው፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል። ያው ፎቶ ከሁለት ወር በፊት ኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጥቶ ይህን ያህል ቁጣ አላስነሳም ነበር። እዚህ ግን ከላይ የሮክ ኮከቦች የሚሰለፉበት ስም አለ። ሕዝቡ ያነበበው "ተጠርጣሪ" ሳይሆን "ኮከብ" ነው። ሲቪኤስና ዋልግሪንስን የመሰሉ ትልልቅ የሱቅ ሰንሰለቶች እትሙን አንሸጥም አሉ። ስለ ወጣቱ የተጻፈው ጽሑፍ ጥሩ ምርመራ ነበር፤ ሽፋኑን ግን ማንም እንደ ጽሑፍ አላየውም።

እያንዳንዱ የሙዚቃ ዓይነት የራሱ ሙድ አለው። በ1981 የተወለደው ኬራንግ የሄቪ ሜታል ነው። ስሙ እንደተሰነጠቀ መስታወት ይጻፋል፣ ገጹ ይጨናነቃል፣ ፖስተር ይታደልበታል። የፓንክ ሮክ ሰዎች ከዚያ በፊት ሁሉን ነገር ንቀው ነበር። በ1976 ለንደን ውስጥ የተጀመረው የነሱ መጽሔት ስኒፊን ግሉ በታይፕራይተርና በማርከር ተዘጋጅቶ በፎቶ ኮፒ ይባዛ ነበር። ርካሽነቱ በኋላ ራሱ ስታይል ሆኖ ገንዘብ ያላቸውም ኮረጁት። የአሜሪካው መጽሔት ቫይብ ደግሞ በየካቲት 1994 ራፐሩን ቱፓክን የአእምሮ ሕመምተኛ በሚታሰርበት ጃኬት አሳይቶ "አብዷል ወይስ አልተረዳነውም?" ሲል ጠየቀ። የእንግሊዙ ሳምንታዊ የሙዚቃ መጽሔት ኤንኤምኢ በነሐሴ 1995 ተፎካካሪዎቹ ባንዶች ብለርና ኦዌሲስ በአንድ ቀን ነጠላ ዜማ ሊያወጡ ሲሉ ሽፋኑን የቦክስ ግጥሚያ ማስታወቂያ አስመሰለው። ለእኔ አሪፉ ይሄ ነው፤ ሙዚቃ የማይሰማ ሰው እንኳ ማን ከማን እንደሚጋጠም ገብቶታል።

ጽሑፉን በተመለከተ፣ ከመጽሔቱ ስም ቀጥሎ የሚገዝፈው የዘፋኙ ስም ነው። ከሥሩ ከቃለ ምልልሱ የተመዘዘ ነገር ፈላጊ ንግግር ይከተላል። ከዚያ "ምርጥ 50"፣ "ያልተሰማው ታሪክ" የመሳሰሉት ዳር ዳሩን ይይዛሉ። ቀለሙ ከሁለት ሦስት አይበልጥም፣ ብዙ ጊዜም ከዘፋኙ ልብስ ይወሰዳል። ባርኮዱን ዲዛይነር ሁሉ ይጠላዋል፣ ግን አይቀርም። ሞጆና አንከት የተባሉት የእንግሊዝ መጽሔቶች ከእትማቸው ጋር ሲዲ ሲያድሉ ደግሞ ስጦታው ሽፋኑ ላይ ቦታ መሻማቱ አልቀረም። ኪው በፖስታ ለሚደርሳቸው ቋሚ ደንበኞቹ ጽሑፉ የተቀነሰ ሌላ ሽፋን ያትም ነበር። ገንዘባቸውን አስቀድመው ስለከፈሉ የሚጮህባቸው ምክንያት የለም።

አሁን መደርደሪያው ራሱ እየጠፋ ነው። ኤንኤምኢ በ2015 በነጻ መታደል ጀምሮ በ2018 ሳምንታዊ ኅትመቱን አቆመ፤ በ2023 በተወሰነ ቅጂ ተመልሷል። ሮሊንግ ስቶን በ2018 ወርሃዊ ሆነ። ኪው በ2020 ተዘጋ። ሽፋን ግን አልቀረም፤ ስልክ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል ሆኖ የሚለቀቅም አለ። የኅትመቱ ደግሞ ለአድናቂ መሰብሰቢያ ሆኗል፦ አንድ እትም በአራት አምስት ሽፋን ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ የባንዱ አባል አንድ። ከበሮ መቺውም ተራው ደረሰው።