ከጆሮ የሚነሳ ማዞር

ራሱን የሚያዞረው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ደም ግፊቱን ነው። ግፊቱ ደህና ከሆነ ደም ማነስ ይላል፣ ስኳር ይላል፣ ጨጓራ ይላል። ጆሮውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ግን ቤቱና ግድግዳው ሲሽከረከር የሚታይበት ዓይነት ማዞር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከውስጥ ጆሮ ወይም ከሚዛን ነርቭ ነው።

የውስጥ ጆሮ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ተቀብሯል። አንዱ ክፍሉ ድምፅ ይሰማል፤ ሌላው ሚዛን ይጠብቃል። የሚዛኑ ክፍል በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉት። እነሱ የራስን መዞር ይለካሉ። ከነሱ ሥር ያሉት ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች ደግሞ የመሬት ስበትንና ቀጥታ እንቅስቃሴን ይለያሉ። መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሰው 8ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። የግራና የቀኝ ጆሮ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ወደ ራሱ ይጎትታል። አንጎል ያንን ልዩነት እንደ መሽከርከር ይቆጥረዋል። ዓይንም ያለ ፈቃድ ይዋልላል፣ ሆድ ይገለበጣል፣ ማስታወክ ይመጣል።

ከሁሉም በብዛት የሚታየው ሐኪሞች ቢፒፒቪ የሚሉት ነው። በከረጢቶቹ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታሎች ከቦታቸው ይላቀቁና ወደ አንዱ ቱቦ ይገባሉ። ሰውየው አልጋ ላይ ሲገላበጥ፣ ሲተኛ፣ ወይም ከቁም ሳጥን ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲል ቤቱ ይዞርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ይቆይና ያቆማል። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፤ ጭንቅላት ከተመታ በኋላም ይከሰታል።

መፍትሔው ደግሞ ያለ መርፌና ያለ ቀዶ ሕክምና የሚገኝ ነው። አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ክሪስታሎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልስ የራስ አቀማመጥ ቅደም ተከተል ቀየሰ። ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም። እሱ ግን ሥራውን ቀጥሎ በ1992 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ታማሚው ራሱን ወደታመመው ጎን 45 ዲግሪ ያዞርና በጀርባው ይጋደማል። ከዚያ ራሱን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል፣ መላ ሰውነቱን ወደዚያው ጎን አዙሮ ፊቱን ወደ ታች ያደርጋል፣ በመጨረሻም ተነስቶ ይቀመጣል። በየደረጃው ትንሽ ይቆያል። ጠቅላላው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናል። ሆኖም የትኛው ጆሮና የትኛው ቱቦ እንደሆነ መርምሮ የሚለይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አንገቱን የሚያመው ሰውም መጀመሪያ ያንን መናገር አለበት። በዚህ ሕመም ለወራት የማዞር ክኒን የሚውጡ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል። ክኒን ክሪስታሉን ወደ ቦታው አይመልስም።

የሚዛን ነርቭ ብግነት ጠባዩ ሌላ ነው። ድንገት ይጀምርና ለቀናት አይለቅም። ራስን ማንቀሳቀስ ያባብሰዋል እንጂ ዝም ብሎ መተኛት አያጠፋውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠረው ቫይረስ ነው። መስማት አይነካም፤ መስማትም አብሮ ከቀነሰ ብግነቱ የውስጥ ጆሮውንም ይዟል ማለት ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን አንጎል ለውጡን እንዳይለምድ ያዘገያል። ጠያቂ ዘመድ «ተኛ፣ አትነሳ» ይላል፤ ከፍቅር ነው። የሚያሽለው ግን ቶሎ ተነስቶ፣ ሰው ደግፎትም ቢሆን፣ መራመድና ራስን ማንቀሳቀስ መልመድ ነው። ካውቶርን እና ኩክሲ የተባሉ ብሪታንያውያን ሐኪሞች በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት የሚዛን ስፖርት ዛሬም የፊዚዮቴራፒው መሠረት ነው።

በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ መስማት በተሳናቸው ሰዎች ተቋም ይሠራ የነበረው ሐኪም ፕሮስፔር ሜኒየር ማዞር ከጆሮ ሊነሳ እንደሚችል አስረዳ። በዘመኑ ነገሩ ሁሉ የአንጎል ደም መብዛት ነው ተብሎ ሰው ደሙ ይፈስ ነበር። በስሙ የሚጠራው ሕመም ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት በሚቆይ ማዞር ይነሳል። ጆሮ ይደፈናል፣ ይጮኻል፣ መስማት ይዋዥቃል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ጨው ቀንሱ ይላሉ። እኛ ቤት ጨው ከወጡ ላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ አብሮት የተፈጨ ጨው ስላለ፣ ያንንም መቁጠር ያስፈልጋል።

መድኃኒትም ሚዛንን ሊጎዳ ይችላል። ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲንና ካናማይሲን የተባሉት በመርፌ የሚሰጡ አንቲባዮቲኮች የውስጥ ጆሮን ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። ሁለቱም ጆሮ እኩል ስለሚጎዳ ቤቱ ላይዞር ይችላል። ይልቅ በጨለማ መራመድ ይከብዳል፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት ያለው ነገር ይዘላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የነበረባቸው ብዙ ሰዎች ለሕይወታቸው የከፈሉት ዋጋ ይህና የመስማት ችግር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ካናማይሲንን ከሕክምናው እንዲወጣ መከረ። ኢትዮጵያም በአፍ ወደሚወሰዱ መድኃኒቶች ተሸጋግራለች፤ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የሚመግል ሰው ማዞር ከጀመረው ቀን ሳይሰጥ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ኢንፌክሽኑ አጥንቱን በልቶ ቱቦዎቹ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። በነርቩ ላይ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢም አለ። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ጆሮን መስማት በመቀነስ ይጀምራል። ማይግሬንም ያለ ራስ ምታት ማዞር ሊያመጣ ይችላል።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሦስት ነገር ቢናገሩ ምርመራው ይቀላል፦ ማዞሩ ምን ያህል ይቆያል፣ ምን ያስነሳዋል፣ መስማት ተቀይሯል ወይ። ከማዞር ጋር ንግግር መኮላተፍ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ ፊት ወይም እጅ መስነፍ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ወይም ጨርሶ መቆም አለመቻል ካለ ግን ነገሩ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተነሳ ሲቲ ስካን ንጹህ መሆኑ ብቻ አያስተማምንም፤ ከአንጎል ኋላ ያለውን ስትሮክ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።