«የሶሎው ቀሪ» ምንድን ነው? የምርምር ወጪ ከአገር ምርታማነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

በ1957 አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሮበርት ሶሎው አንድ አጭር ጥናት አወጡ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1909 እስከ 1949 ባሉት 40 ዓመታት አንድ አሜሪካዊ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው በእጥፍ አድጎ ነበር። ይህ ዕድገት ከየት መጣ? ጥያቄያቸው ይኼው ነው።

ብዙ ሰው «ማሽን ስለበዛ ነዋ!» ይላል። ሶሎው ሲያሰሉት ግን የማሽኑና የሕንፃው መብዛት የሚያስረዳው የዕድገቱን አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከስምንት እጅ ሰባቱ ሳይገለጽ ቀረ። ያ ሳይገለጽ የቀረው ነው «የሶሎው ቀሪ» የሚባለው። በመሥሪያ ቤቶችና በዓለም ባንክ ሪፖርቶች ላይ ደግሞ «ቶታል ፋክተር ፕሮዳክቲቪቲ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። እኔ እዚህ ጠቅላላ ምርታማነት እለዋለሁ።

አንድ ዳቦ ቤት አስቡ። ሁለተኛ ምድጃ ገዝቶ ብዙ ዳቦ ካወጣ፣ ጭማሪው የካፒታል ነው። ሰው ቀጥሮ ከሆነ ደግሞ የጉልበት። ነገር ግን በዚያው ሰውና በዚያው ምድጃ፣ ሊጡ መቼ ተቦክቶ መቼ እንደሚገባ አስተካክሎ ብዙ ዳቦ ካወጣስ? ይህን ጭማሪ የምድጃውም የሠራተኛውም ቁጥር አያስረዳውም። የአገር ጠቅላላ ምርታማነት ማለት ይህ ዓይነቱ ጭማሪ በሁሉም እርሻ፣ ፋብሪካና ቢሮ ተደምሮ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ቀሪው ሁሉ ከምርምር የመጣ አይደለም። ሌላው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ሞዝስ አብራሞቪትዝ፣ ከሶሎው አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ ይህን ቀሪ የአላዋቂነታችን መለኪያ ብለውት ነበር። ትክክል ናቸው። ውስጡ የተሻለ አስተዳደር አለ። ሰው ከእርሻ ወደ ፋብሪካ መሄዱ አለ። ሰላም አለ፣ ዝናብ አለ፣ የስሌት ስህተት ሳይቀር አለ። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን «ምርታማነታችን በዚህን ያህል በመቶ አደገ» ሲል፣ ከየትኛው የተነሳ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታዲያ ምርምር እዚህ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? በ1990 አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ፖል ሮመር ጥሩ መልስ ሰጡ። ትራክተር የአንዱን ማሳ ሲያርስ የሌላውን ማረስ አይችልም። ዕውቀት ግን በአንዱ ሲሠራበት ለሌላው አይጎድልም። አንድ ጊዜ ከተገኘ ሺህ ሰውም ሚሊዮን ሰውም ይጠቀምበታል፤ ማግኛው ወጪ ግን ያው የመጀመሪያው ነው። ሮመር በዚህ ሥራቸው በ2018 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ለዚህ ከጤፍ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ለረጅም ጊዜ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት። በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑ ነው። ግኝቱ ይቺው ናት። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣ የጤፍ አዳቃይ ሁሉ፣ ደብረ ዘይት ያለውም ስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ያለውም፣ በማለዳ ተነስቶ የሚሠራው በዚችው ዕውቀት ነው። ማንም ድጋሚ አልከፈለባትም።

ከማዳቀሉ ሥራ በ2006 ቁንጮ የተባለው ዝርያ ወጣ። ዱከም የሚባለው ዝርያ ምርቱ ጥሩ ቢሆንም ንጣቱ ገበያ ላይ አያስመርጠውም ነበር። ማኛ ደግሞ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ቁንጮ የሁለቱ ልጅ ነው። ገበሬው በዚያው ማሳ፣ በዚያው በሬ፣ የበለጠ አምርቶ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። የሶሎው ቀሪ መሬት ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል።

እዚህ ላይ ዓመቶቹን አስተውሉ። ከ1974 እስከ 2006 ድረስ 32 ዓመት ነው። የምርምር ወጪን በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ ውጤቱን ፈልጎ የሚገመግም ሰው ምንጊዜም ብክነት መስሎ ይታየዋል። ለዚህም ነው በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጠው ምርምር የሚሆነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጉዳቱ የሚታየው የቆረጠው ሰው ከወንበሩ ከተነሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና።

አገሮች የሚነጻጸሩት «ለምርምርና ሥርጸት ያወጡት ገንዘብ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው ስንት በመቶ ነው» በሚል ነው። ከላይ ያሉት እስራኤልና ደቡብ ኮሪያ ናቸው፤ እስራኤል ከ6 በመቶ በላይ፣ ኮሪያ 5 በመቶ አካባቢ። አሜሪካ ወደ 3.5 በመቶ ትጠጋለች፤ ቻይና 2.5 በመቶ ገደማ ናት። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ በአማካይ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ኢትዮጵያም ከ1 በመቶ በታች ናት።

ይህን ሰንጠረዥ አይቶ «ብዙ ያወጣ ብዙ ያድጋል» ማለት ግን ያሳስታል። ሶቪየት ኅብረት በሳይንቲስት ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎች አንዷ ነበረች። ሆኖም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ምርታማነቷ ማደግ አቆመ ማለት ይቻላል። ትልቁ የምርምር ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ይሄድ ነበር። የሲቪል ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የሚለካው በዓመቱ ኮታ ነው። አዲስ አሠራር ለማስገባት መስመሩን ለሁለት ወር ካቆመ ኮታው ይጎድልበታል። ታዲያ ለምን ያቆማል? ዕውቀቱ በቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር፤ ወደ ፋብሪካው የሚያደርሰው መንገድ አልነበረም።

የፊንላንድ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ2009 ከአገር ውስጥ ምርቷ 3.7 በመቶ ያህሉን ለምርምር ታወጣ ነበር፤ በጊዜው ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የዚያ ትልቁ ድርሻ ግን የአንድ ኩባንያ፣ የኖኪያ ነበር። ዘመናዊዎቹ ስማርት ስልኮች መጥተው የኖኪያ ስልክ ከገበያ ሲወጣ፣ የአገሪቱ ምርታማነትም ለዓመታት ተንገዳገደ። የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ፊሊፕ አጊዮንና ፒተር ሃዊት በ1992 በሒሳብ ያሳዩት ይህንኑ ነው። አዲስ ፈጠራ አሮጌውን እየገደለ ነው የሚያሳድገው። ሁለቱ ከታሪክ ጸሐፊው ጆኤል ሞኪር ጋር የ2025ን የኢኮኖሚ ኖቤል ተካፍለዋል። ዓለም በአዲሱ ስልክ አተረፈች፤ ፊንላንድ ግን ዋጋ ከፈለች።

አሁን ወደ ኮሪያ እንምጣ። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የገባ ጊዜ አገሪቱ ፍርስራሽ ነበረች። «ኮሪያ እኮ ያኔ ከእኛ አትሻልም ነበር» የሚለውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ በኋላ ምን እንደተሠራ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በ1966 ሶል ውስጥ፣ በአሜሪካ ድጋፍ፣ የኮሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 1958 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዛሬው የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት መሠረት ተጣለ። ሁለቱ ተቋማት እኩያ ናቸው።

ያኔ ኮሪያ ለምርምር የምታወጣው ከአገር ውስጥ ምርቷ ግማሽ በመቶ አይሞላም ነበር። አብዛኛውን የሚከፍለው ደግሞ መንግሥት ነው። ኢንስቲትዩቱ አሜሪካና አውሮፓ የቀሩ ኮሪያውያን ሳይንቲስቶችን በጥሩ ደመወዝ እየጠራ አስመለሰ። ሥራቸውም ለኖቤል የሚያበቃ ግኝት አልነበረም። ፋብሪካዎች ያቃታቸውን ችግር ይፈቱ ነበር። የውጭ ማሽን ሲመጣ እንዴት እንደሚሠራ ይመረምሩ ነበር።

ቁጥሩም ይህን ያሳያል። አልዊን ያንግ የተባሉ ተመራማሪ ከ1966 እስከ 1990 ያለውን አስልተው፣ የኮሪያ ጠቅላላ ምርታማነት በዓመት 1.7 በመቶ ያህል ማደጉን አገኙ። ጥሩ ነው፤ ግን ተአምር አይባልም። አብዛኛው ዕድገት የመጣው ሰው ስለተማረ፣ ሥራ ስለያዘና ማሽን ስለበዛ ነው። ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርምር ጥቅሙ ምን ነበር? የሚመጣውን ዕውቀት መረዳት የሚችል ሰው ማፍራቱ ነው። በ1983 ሳምሰንግ 64 ኪሎቢት የማስታወሻ ቺፕ ለመሥራት ሲነሳ ንድፉን ከአሜሪካው ማይክሮን በፈቃድ ወሰደ። ንድፍ መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻላል። ንድፉን አንብቦ፣ ሠርቶ፣ ቀጣዩን በራስ ለመንደፍ ግን የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። በ1992 ሳምሰንግ 64 ሜጋቢቱን ቺፕ ከዓለም ቀድሞ ሠራ። ዛሬ ከኮሪያ የምርምር ወጪ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሸፍኑት ኩባንያዎች ናቸው።

ይህን ያነሳሁት አንድ የተለመደ ክርክር ስላለ ነው። «ድሃ አገር ለምን ይመራመራል? ሌሎች ያገኙትን ይውሰድ» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ዴቪድ ኮ እና ኤልሃናን ሄልፕማን በ1995 እንዳሳዩት፣ የአንድ አገር ምርታማነት በንግድ ሸሪኮቹ ምርምርም ያድጋል። ለትንንሽ አገሮች እንዲያውም የውጭው ምርምር ከራሳቸው ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል በ1989 ያሳዩት ሌላው ግማሽ አለ። ምርምር ሁለት ሥራ አለው። አዲስ ነገር ያገኛል፤ የሌላውን ግኝት የመጠቀም ችሎታም ይገነባል። መበደርም ራሱ ዕውቀት ይፈልጋል። እኔን የሚያሳምነኝ ይኼኛው ነው። ምርምር ከሀብት በኋላ የሚመጣ ቅንጦት አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ስንዴያችንን ተመልከቱ። ኩብሳ የሚባለው ዝርያ መነሻው ሜክሲኮ ካለው ሲሚት የምርምር ማዕከል ነው። አርሲና ባሌ ላይ ለመዝራት ግን መጀመሪያ በአገሩ አየርና አፈር መፈተን ነበረበት። ይህን ከሜክሲኮ ሆኖ የሚሠራልን የለም። በ2010 ደግሞ ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳን በሰፊው መታው። ገበሬው ዲጋሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። በ2013 አዲስ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲጋሉን ጣለው። ተመራማሪዎች እንደገና ሌላ ፍለጋ ገቡ። እዚህ ምርምር የሚደረገው ምርት ለመጨመር ብቻ አይደለም፤ ያለው እንዳይወርድ ለመያዝም ነው። በሪፖርት ላይ «ምርታማነት አልጨመረም» ተብሎ የሚጻፈው ዓመት፣ ያለ ምርምር ቢሆን ኖሮ ኪሳራ ይሆን ነበር።

ሀብታሞቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2020 ኒኮላስ ብሉምና ሦስት ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ የቺፕን አቅም በእጥፍ ለማሳደግ ዛሬ የሚያስፈልገው ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ከ18 እጥፍ በላይ ነው። ቀላሉ ተለቅሟል። ያንኑ የዕድገት ፍጥነት ለመጠበቅ ወጪው በየጊዜው መጨመር አለበት።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ያለፉት 20 ዓመታት ዕድገታችን በአብዛኛው የመንገድ፣ የግድብና የሕንፃ ዕድገት ነው። በሶሎው ስሌት ይህ ካፒታል ነው። አስፈላጊ ነው፤ ግን እያደር የሚሰጠው ጭማሪ ይቀንሳል። የአፍሪካ አገሮች ከምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ደጋግመው ቃል ገብተዋል። ቃሉን የፈጸሙት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ያ 1 በመቶ ቢገኝ መጀመሪያ የት ይግባ? የኔ መልስ፣ ሌላ ማንም የማይመራመርልን ላይ የሚል ነው። ቺፕን ኮሪያ ትመራመራለች፣ ስንዴን ሜክሲኮና ሌሎችም። እንሰትን ግን አላምዶ ለምግብ ያደረገ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርበታል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በሳይንስ የተመዘገበው በ1968 ነው። ወደ ኡጋንዳ ሙዝ ተሻግሮ የዓለምን ትኩረት የሳበው ከ2001 ወዲህ ነው። የተወሰኑ ዝርያዎች በመጠኑ ይቋቋሙታል፤ ፈጽሞ የማይነካው ግን እስካሁን አልተገኘም። ገበሬው ዛሬም የታመመውን ነቅሎ ይቀብራል፣ ቢላዋውን በእሳት ያነጻል። ለአንድ ተክል ስድስትና ሰባት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። ይህን በሽታ የሚቋቋም አንድ ዝርያ ቢገኝ፣ ከሲዳማ እስከ ጉራጌና ከፋ ባለው ጓሮ ሁሉ፣ ያለ ተጨማሪ መሬትና ያለ ተጨማሪ ጉልበት ምርት ይጨምራል።