የጠፋችው የስታርት በተን፦ ስለ ዊንዶውስ 8 የሚባለውና እውነታው

ኦክቶበር 26 ቀን 2012 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 8ን ለገበያ አቀረበ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው የለመደውን ዴስክቶፕ አላገኘም። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሞሉ ባለቀለም ሳጥኖች ጠበቁት። ወደ ዴስክቶፑ ሲገባ ደግሞ ከታች በግራ ጥግ የምትቀመጠው የስታርት በተን የለችም። ከ1995 ጀምሮ እዚያች ቦታ ላይ የኖረች ናት።

ሰው ጮኸ። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ይወራል። ሲወራ ግን ብዙ ነገር ይዛባል። አሁን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ብዙ ሰው ወደ 11 እየተሻገረ ነው፤ ያው ክርክርም ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ሰው አዲስ ነገር ስለማይወድ ነው የጮኸው»

ይሄን ስሰማ ይከፋኛል። ጥፋቱን ከሠሪው ላይ አንስቶ ተጠቃሚው ላይ ስለሚጭን ነው።

ሰው አዲስ ነገር የማይወድ ቢሆን ኖሮ በ1995 ዊንዶውስ 95ን ለመግዛት በእኩለ ሌሊት ሱቅ በር ላይ ባልተሰለፈ ነበር። ያኔ የመጣው ለውጥ ትንሽ አልነበረም። ስታርት ሜኑም (በተኗን ስትጫኑ የሚከፈተው የፕሮግራሞች ዝርዝር) ታስክባርም (ስክሪኑ ግርጌ ያለው ረድፍ) የተወለዱት ያኔ ነው። በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣም ታስክባሩ ተቀይሯል፤ የፕሮግራሞቹ ስም ቀርቶ ትልልቅ አይከኖች ብቻ ሆኑ። ሰው ወደደው።

እናቴ መብራት በጠፋበት ሰዓት ኩሽና ገብታ ጨው ታወጣለች። አታይም፤ እጇ ያውቀዋል። አንድ ቀን ኩሽናውን ባሳምርላት፣ ቅመሙን ሁሉ አዲስ ብልቃጥ ውስጥ ባደርግላት፣ ትመርቀኛለች። ጨዉን ከነበረበት አንስቼ ሌላ መደርደሪያ ላይ ባደርገው ግን ወጡ እሳት ላይ እያለ ስሜን ጠርታ ትጮህብኛለች። የምትቆጣው አዲሱን ብልቃጥ ጠልታ አይደለም። እጇ የሚያውቀው ቦታ ስለጠፋባት ነው።

ኮምፒውተር ማጥፋትን ብቻ እንይ። ዊንዶውስ 7 ላይ ስታርትን ትጫናላችሁ፣ ሻት ዳውን ትላላችሁ፣ አለቀ። ዊንዶውስ 8 ላይ ማውሱን ወደ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ትወስዱታላችሁ። ጥጉ ላይ ምንም ምልክት የለም። ትንሽ ስትቆዩ ከጎን አምስት ምልክቶች ብቅ ይላሉ፤ ቻርምስ ይባላሉ። ማውሱ ትንሽ ካፈነገጠ ይጠፋሉ፤ እንደገና ትጀምራላችሁ። ከአምስቱ ሴቲንግስን ትመርጣላችሁ። ከዚያ ፓወርን ትጫናላችሁ። ከዚያ ሻት ዳውንን። ኮምፒውተር ለማጥፋት ሴቲንግስ ውስጥ መግባት እንዳለበት ማን ይጠረጥራል? ይሄን የጠየቀ ሰው ለውጥ ጠላ አይባልም። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሊሄድ የፈለገ ሰው ነው።

«ያለ ጥናት በዘፈቀደ ነው የሠሩት»

ይሄኛው ደግሞ ለማይክሮሶፍት ሰዎች ፍትሐዊ አይደለም። ጥናት ነበራቸው፤ ያውም ብዙ። በኦክቶበር 2011 የዊንዶውስ ቡድን በይፋ እንደገለጸው፣ ከ7 በፊት ከነበረው ከቪስታ ወደ ዊንዶውስ 7 ሲታለፍ የስታርት ሜኑ አጠቃቀም በ11 በመቶ ቀንሶ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ሁልጊዜ የሚከፍታቸውን ፕሮግራሞች ታስክባር ላይ መሰካት ጀመረ። በዚያ ላይ የአፕል ታብሌት አይፓድ በ2010 ወጥቶ ገበያውን አናግቶታል። ስለዚህ ለጣትም ለማውስም የሚሆን አንድ መልክ እንሥራ አሉ።

ቁጥሩን አምነዋለሁ። የማላምነው ከቁጥሩ ላይ የተወሰደውን ድምዳሜ ነው። ጃንጥላ አብዛኛውን ዓመት በር ጀርባ ተሰቅሎ ይከርማል። ቀኑን ቆጥራችሁ «አትጠቀምበትም» ብላችሁ ብትወስዱብኝ ሐምሌ ሲገባ ትሰሙኛላችሁ። ስታርት ሜኑም እንደዚያ ነው። የየዕለቱ ብሮውዘርና ዎርድ ታስክባር ላይ አሉ። በወር አንዴ የሚፈለገው፣ ስሙ እንኳ የማይታወሰው ፕሮግራም ግን የት ይገኛል? ስታርት ውስጥ። ክሊክ መቁጠር ይሄን አያሳይም።

አንድ ነገር ደግሞ እስካሁን ያንገበግበኛል። በሴፕቴምበር 2011 በወጣው የመጀመሪያ የሙከራ ቅጂ ላይ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ አንድ ቁጥር በመቀየር የድሮውን ስታርት ሜኑ መመለስ ይቻል ነበር። ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ያ መንገድ ተዘጋ። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣም ሰማያዊና አረንጓዴው መልኩ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል ተብሎ ተዘልፎ ነበር። ያልጣመው ሰው ግን በጥቂት ክሊክ ወደ ክላሲክ መልኩ ይመለስ ነበር። ኤክስፒ ላይ የተነሳው ቁጣ ቶሎ የበረደው በዚህ ይመስለኛል። መውጫ በር የተተወለት ሰው ብዙ አይጮህም።

«ትንሽ ጊዜ ብትሰጡት ይለመድ ነበር»

ግማሹ እውነት ነው። የለመዱት ነበሩ። የስታርት ስክሪኑ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ መጻፍ ሲጀመር ፍለጋው ወዲያው ይመጣል፤ ይሄን ያወቀ ሰው ከድሮው ይልቅ ፈጠነ። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ሲጫኑ የሚመጣው ሜኑም ለአይ ቲ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነበር።

ችግሩ ስክሪኑ ላይ «እዚህ ና» የሚል ነገር አለመኖሩ ነው። ለመልመድ መጀመሪያ መገኘት አለበት። ባዶ ጥግ ውስጥ የተደበቀን ነገር ሰው የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲያሳየው ነው። ይባስ ብሎ በዚያው በ2012 የወጣው ዊንዶውስ ሰርቨርም (ሌሎች ኮምፒውተሮችን ለሚያገለግሉ ማሽኖች የሚሠራው ዊንዶውስ) ያንኑ መልክ ይዞ መጣ። ሰርቨር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ፣ በትንሽ መስኮት ውስጥ ነው የሚከፈተው። የዚያን መስኮት ጥግ በማውስ ለማግኘት ስትሞክሩ ማውሱ አልፎ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ታብሌት እንደማይዝ የታወቀ ነው። ጊዜ ይሄን አያስተካክለውም።

«ዊንዶውስ 8 ከላይ እስከ ታች መጥፎ ነበር»

አልነበረም። ከዊንዶውስ 7 ፈጥኖ ይነሳ ነበር። ታስክ ማናጀሩ እንደ አዲስ ተሠርቶ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚበላ በቀለም ማሳየት ጀመረ። ብዙ ፋይል ኮፒ ሲደረግ ሁሉም በአንድ መስኮት ተሰብስቦ ፍጥነቱን በግራፍ ያሳያል። አይ ኤስ ኦ ፋይል (የአንድ ዲስክን ይዘት በሙሉ የያዘ ፋይል) ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ተከፈተ። እነዚህን ዛሬም ሁላችንም እንጠቀምባቸዋለን። የሚያሳዝነው፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ሥራ በአንዲት በተን ምክንያት ሳይታይ መቅረቱ ነው።

«8.1 ስታርትን መለሰ፣ ነገሩም አለቀ»

ኦክቶበር 17 ቀን 2013 የወጣው 8.1 የመለሰው በተኗን ብቻ ነው። ስትጫኗት የምትወስዳችሁ ወደዚያው ወደ ሳጥኖቹ ነበር። ሰው የጠየቀው ደግሞ ሜኑውን ነው። እውነት ለመናገር አንድ ቁም ነገር ጨምሯል፦ በተኗን በቀኝ ክሊክ ስትነኳት ሻት ዳውን እዚያው አለ።

በኤፕሪል 2014 በመጣው ማሻሻያ የማጥፊያ ምልክቱ ስታርት ስክሪኑ ላይ በግልጽ ተቀመጠ፤ በጣት የሚነካ ስክሪን የሌላቸው ኮምፒውተሮችም በቀጥታ ወደ ዴስክቶፕ እንዲገቡ ተደረገ። ሜኑው ራሱ የተመለሰው ጁላይ 29 ቀን 2015 በዊንዶውስ 10 ነው፤ በግራ የድሮው ዝርዝር፣ በቀኝ ጥቂት ሳጥኖች። ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ክላሲክ ሼልን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች እየጫነ ራሱ የድሮውን ሜኑ ይመልስ ነበር።

«የኮምፒውተር ገበያን የገደለው ዊንዶውስ 8 ነው»

በ2013 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት አይ ዲ ሲ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት የኮምፒውተር ሽያጭ በ13.9 በመቶ ወረደ ሲል ዊንዶውስ 8ንም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠርቶታል። ግን ሽያጩ ዊንዶውስ 8 ከመውጣቱ በፊት በነበረው ሩብ ዓመትም ወርዶ ነበር። ሰው ገንዘቡን ስልክና ታብሌት ላይ ማዋል ጀምሯል። ዊንዶውስ 8 ገበያውን አላዳነውም፤ ብቻውንም አልጣለውም።

የዊንዶውስ ኃላፊ የነበረው ስቲቨን ሲኖፍስኪ በኖቬምበር 2012፣ ዊንዶውስ 8 ከወጣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ መልቀቁም «በዚህ ተባረረ» እየተባለ ይወራል። እሱ የጻፈው ግን የግል ውሳኔው እንደሆነ ነው።

«ይሄ የማይክሮሶፍት ብቻ በሽታ ነው»

በዊንዶውስ ፈንታ ነፃውን ሊኑክስ የሚጠቀሙ ወዳጆቼ ይሄን ማለት ይወዳሉ። በኤፕሪል 2011 የወጣውን ጂኖም 3 የተባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ግን አይረሱትም። የተለመደው ሜኑ ጠፋ፤ መስኮት ዝቅ ማድረጊያዋ በተን እንኳ ተነሳች። ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ ተቆጥቶ ትቶት ሄደ። በ2013 ተመለሰ፤ ግን የጎደለውን የሚሞሉ ኤክስቴንሽኖች ጭኖ ነው።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። የሊኑክስ ኮድ ክፍት ስለሆነ ያልተስማማው ወገን የድሮውን ጂኖም ወስዶ ማቴ በሚል ስም አስቀጠለው። የሊኑክስ ሚንት ቡድን ደግሞ አዲሱን ኮድ ይዞ የድሮውን አሠራር የሚመስል ሲናመን ሠራ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። በዓለም ምርጥ የሚባሉ ፕሮግራመሮችም እጃቸው የለመደው ቦታ ሲነካ እንደማንኛችንም ይቆጣሉ።

«የተጠቃሚ ጩኸት የሚሰማው የለም»

ይሰማል፤ ግን ይዘገያል። ዊንዶውስ 11 ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ሲወጣ ስታርት ወደ መሀል ሄደ፤ ታስክባር ላይ የተከፈተውን እያንዳንዱን መስኮት ከነስሙ ማሳየትም ቀረ። አሥር የኤክሴል ፋይል ከፍቶ ለሚውል የሒሳብ ሠራተኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሥሩም በአንድ አይከን ሥር ተደራረቡበት። ሰው ደጋግሞ ጠየቀ። በ2023 ተመለሰ።

ስታርት መሀል መሆኑ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በቀላሉ ይስተካከላል። ታስክባሩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ታስክባር ሴቲንግስ ግቡ፤ ከታች ታስክባር ቢሄቪየርስ የሚለውን ክፈቱና አላይመንቱን ሌፍት አድርጉት። መስኮቶቹን ከነስማቸው የሚያሳየው ምርጫም እዚያው ነው። ሌላ የጎደለባችሁ ነገር ካለ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤፍን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ለማይክሮሶፍት አስተያየት የሚላክበት ፊድባክ ሀብ ይከፈታል። «አስቀያሚ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «በሁለት ክሊክ የምሠራው ነገር አሁን አምስት ክሊክ ፈጀብኝ» ብላችሁ የቱ እንደሆነ ጻፉላቸው።