ሳልቬጅ መኪና፦ በምክር ስም የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በአሌክሳንድሪያ፣ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሀበሻ አማካሪ አያጣም። አንዱ «ሳልቬጅ የተባለ ነገር በደጅህ እንዳያልፍ» ይላል። ሌላው ከጨረታ ያወጣውን ካምሪ በመስኮት እያሳየ «ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሞኝ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ወረቀቱ ነው፤ ሊገዛ የታሰበውን መኪና ግን ከሁለቱ አንዱም ጎንበስ ብሎ አላየውም።

ወረቀቱ ታይትል ነው፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው የባለቤትነት ሰነድ። ኢንሹራንስ ኩባንያው «ይህን መኪና መጠገን አያዋጣኝም» ብሎ ለባለቤቱ ዋጋውን ከፍሎ ሲገላገል ሰነዱ ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ምልክት ይታተማል፤ መኪናውም ብዙውን ጊዜ በጨረታ ይሸጣል። መኪናው ተጠግኖ የግዛቱን ምርመራ ሲያልፍ ምልክቱ «ሪቢልት» ወደሚለው ይለወጣል። ሳልቬጅ መንገድ ላይ አይነዳም፤ ሪቢልት ይነዳል።

«ሳልቬጅ ማለት ተጨፍልቆ የነበረ መኪና ነው»

ሳልቬጅ የሒሳብ ውሳኔ ነው። ብዙዎቹ ግዛቶች የጥገናው ወጪ ከመኪናው የገበያ ዋጋ ስንት እጅ ሲደርስ ሳልቬጅ እንደሚባል ልክ አስቀምጠዋል፦ ሜሪላንድ 75 በመቶ፣ ፍሎሪዳ 80፣ ኦክላሆማ 60፣ ቴክሳስ 100። 8,000 ዶላር የሚያወጣ ኮሮላ ፓራውልቱ፣ ኮፈኑና መብራቱ ተሰብሮ ኤርባጉ ቢፈነዳ፣ በአዲስ ዕቃና በጋራዥ የሰዓት ክፍያ ተሰልቶ ጥገናው 6,200 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ይህ 77.5 በመቶ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሳልቬጅ ይሆናል፤ በቴክሳስ ልክ ግን አይደርስም። ብረቱ ያው ብረት ነው።

ገልብጠው ደግሞ ይዩት። 60,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና 35,000 ዶላር ጉዳት ቢደርስበት፣ ወጪው 60 በመቶ ስለማይሞላ ከእነዚህ አራት ግዛቶች የአንዱም ልክ ሳልቬጅ እንዲባል አያስገድድም። በንጹሕ ታይትል ሊሸጥ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው ክፉኛ እንደተመታ ለመናገር ባትላሜራ መሆን አያስፈልግም።

ምንም ያልተጋጨም አለ። መኪናው ተሰርቆ፣ ኢንሹራንሱ ካሳ ከከፈለ በኋላ ቢገኝ፣ በአንዳንድ ግዛቶች ጉዳቱ ቀላል ቢሆንም ሰነዱ ምልክት ይያዝበታል። በረዶ ጥሎ ጣሪያውንና ኮፈኑን ያጎደጎደውም እንዲሁ። እኔ ብጠየቅ፣ ሳልቬጅ የግድ ከተባለ መፈለግ ያለበት ከእነዚህ ከሁለቱ ዓይነቶች ነው። ሻጭ ሁሉ «ተሰርቆ የተገኘ ነው» ማለት የሚወድደውም ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው፤ በቃሉ አይመኑት፣ ማስረጃ ይጠይቁ።

«ታይትሉም ካርፋክሱም ንጹሕ ከሆነ አለቀ»

የመኪናን ታሪክ በሪፖርት የሚሸጠው ካርፋክስ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ገጭቶ፣ ፖሊስ ሳይጠራ፣ ኢንሹራንስ ሳያውቅ፣ ከኪሱ ከፍሎ ያሠራው ጉዳት እዚያ አይገኝም። ከዚህ የከፋው ሰነዱን ማጠብ ነው። የግዛቶች ሕግ ስለሚለያይ፣ አጭበርባሪው መኪናውን ከግዛት ግዛት እያዛወረ ምልክቱ የማይሰፍርበት አዲስ ታይትል እስኪያገኝ ይሞክራል። ከካትሪና (2005)፣ ከሃርቪ (2017) እና ከኢያን (2022) ማዕበሎች በኋላ ውኃ ውስጥ ያደሩ መኪኖች፣ የጎርፍ ስጋት ጨርሶ ወደማይታሰብባቸው ሩቅ ከተሞች ተጉዘው ገበያ ላይ ይቀርቡ ነበር።

መከላከያው ብዙ ወጪ የለውም። በ1992 በወጣው የመኪና ስርቆት መከላከያ ሕግ መሠረት የተቋቋመ፣ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ሥር ያለ ብሔራዊ የታይትል መረጃ ሥርዓት አለ። ከ2009 ጀምሮ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችና የመኪና ማፍረሻ ቦታዎች የያዙትን መኪና እዚያ ማስመዝገብ ግዴታቸው ነው። ፈቃድ ባላቸው የመረጃ ሻጮች በኩል ሪፖርቱ በጥቂት ዶላር ይገኛል። የኢንሹራንስ ወንጀል መከላከያ ብሔራዊ ቢሮም የስርቆትና የሳልቬጅ መዝገቡን በነፃ ያሳያል። የሚያስፈልገው ባለ 17 ምልክቱ የመኪናው መለያ፣ ቪን፣ ብቻ ነው። በመስታወቱ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ቪኑን በኢንተርኔት መፈለጊያም ያስገቡት፤ መኪናው በኮፓርት ወይም በሌላ ጨረታ አልፎ ከሆነ፣ ከመጠገኑ በፊት የተነሱት ፎቶዎች ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጠው ይገኛሉ። ሻጩ «ትንሽ ጭረት ነበረው» ያለው መኪና የፊት ክፍሉ እስከ ሞተሩ ገብቶ ሲታይ ክርክሩ ያጥራል። ይህ ሁሉ ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው፤ ከተከፈለ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«ሞተሩ ተነስቶ ከሄደ ሌላው የቆርቆሮ ሥራ ነው»

ገንዘብም ሕይወትም የሚበላው ስህተት ይህ ነው።

በጨረታ ዝርዝሮች ላይ «ራን ኤንድ ድራይቭ» የሚል ማስታወሻ ይታያል። ትርጉሙ መኪናው ግቢው በደረሰ ጊዜ ሞተሩ ተነስቷል፣ ማርሽ ገብቶለታል፣ በራሱ ኃይል ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። አውራ ጎዳና ላይ ይነዳል ማለት አይደለም፤ ዛሬም ይነሳል ማለት እንኳ አይደለም።

የዛሬ አውቶሞቢሎች እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። ከፊት ሲመታ ኃይሉ እየታጠፈ የሚያልቅባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱ አንድ ጊዜ ሥራቸውን ከሠሩ በኋላ በመዶሻና በእሳት ወደ ቀድሞ መልካቸው ቢመለሱም ወደ ቀድሞ ጥንካሬያቸው አይመለሱም። በተለይ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብረት በእሳት ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል። ስቱኮና አዲስ ቀለም ይህን ሁሉ አሳምረው ይሸፍናሉ። ስለዚህ መኪናውን ሊፍት ላይ አሰቅለው ከሥር ይዩት፤ የአራቱን ጎማ አቅጣጫ አስለክተውም ውጤቱን በወረቀት ይቀበሉ። ልኩ ማስተካከያው ከሚፈቅደው ውጪ ከሆነ የታጠፈ ነገር አለ።

ጎርፍ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ እኔ በጎርፍ የተጎዳ መኪና በነፃም አልወስድም። ውኃው ይደርቃል፣ ወንበሩ ይታጠባል፣ መኪናው ለወራት በሰላም ይሄዳል። ከዚያ ምንጣፉ ሥር ያሉት የሽቦ መገናኛዎች እየዛጉ አንድ ቀን መስኮቱ፣ ሌላ ቀን ፍሬኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ይቆማል። መካኒኩ ችግሩን ሲፈልግ የሚያስከፍለው ሰዓት ከመኪናው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ይሳቡት፤ ሻጮች ሁሉን አጥበው እሱን ይረሳሉ፣ የውኃው መስመርም እዚያ ላይ ይቀራል። የወንበር ብሎኖችን ዝገት፣ ከተጠባባቂው ጎማ ሥር የተቀመጠ ደለል፣ መብራቱ ውስጥ ያለውን ጭጋግ ይመልከቱ። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ የጨው ውኃ ሌላ አደጋ አለው፦ ከኢያን በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ ባሕር የገባባቸው መኪኖች ባትሪያቸው በእሳት ይያያዝ ነበር፤ አንዳንዶቹም ቆመው ሳሉ።

ኤርባጉስ? በሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ቀደም ሲል ተጋጭተው በርካሽ ሐሰተኛ የኤርባግ ማፈንጃ የተጠገኑ መኪኖች ዳግም ሲጋጩ፣ ማፈንጃው ብረት እየበተነ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ሕይወታቸውን የቀየረ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በመጀመሪያው ግጭት የዳነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው አደጋው የሚደርሰው አሁን በሚነዳው ላይ ነው። ቁልፉን ሲያዞሩ የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ሥርዓቱ ተታልሎ ሊሆን ይችላል። መብራቱ በትክክል ቢሠራም አያዝናናዎት፤ የኤርባጉን ደረሰኝ ከነሻጩ ስም ይጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ እኔ ከዚያ ግቢ እወጣለሁ።

«የግዛቱን ምርመራ ካለፈ ደህና ነው ማለት ነው»

ኒውዮርክ ለተጠገነ ሳልቬጅ የምታደርገው ምርመራ የተሰረቀ ዕቃ አለበት ወይ የሚለውን ለማጣራት ነው፤ የደህንነት ፍተሻ ሌላ ነው። መርማሪው ደረሰኝ የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው። ከሌላ መኪና የተወሰደ በር ከገጠሙ ደረሰኙ ላይ የዚያን መኪና ቪን ጭምር ያስጽፉ። በሌሎች ግዛቶች አሠራሩ ይለያያል፤ ግን መርማሪው ቀለሙን ፍቆ ብየዳውን ያያል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ራሱን ያታልላል።

«የማውቀው ባትላሜራ ስላለ አተርፋለሁ»

እስቲ እንደምሳሌ እናስላ። መኪናው በንጹሕ ታይትል 14,000 ዶላር ያወጣል። ሪቢልት መኪና በተለምዶ ከ20 እስከ 40 በመቶ ዝቅ ብሎ ይሸጣል፤ ስለዚህ ተጠግኖ ሲያልቅ ዋጋው ከ8,400 እስከ 11,200 ዶላር ነው። በጨረታ 4,800 ዶላር አሸነፉ እንበል። የጨረታው፣ ከግቢ የማስወጫና የደላላው ክፍያ 900 ይጨመራል፤ መጎተቻ 350፤ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ራዲያተርና መብራት 1,900፤ ኤርባግ፣ ቀበቶና መቆጣጠሪያው 1,400፤ ቀለምና የእጅ ዋጋ፣ ያውም በወዳጅ ዋጋ፣ 1,800፤ የጎማ አቅጣጫና የካሜራ ማስተካከያ 500፤ ምርመራና ታይትል 250። ድምሩ 11,900 ዶላር ነው። በእጅዎ የቀረው ቢበዛ 11,200 የሚያወጣ መኪና ነው፤ ያለ መኪና የከረሙባቸው ሳምንታት ገና አልተቆጠሩም።

ሒሳቡ ከኋላ ወደፊት መሄድ አለበት። ሪቢልት ሆኖ ከሚያወጣው ዋጋ ይነሱ፤ መካከለኛውን፣ 9,800ን፣ እንውሰድ። ከጨረታው ዋጋ በስተቀር ያለው ወጪ 7,100 ነው። ቆርቆሮው ሲገለጥ ለሚመጣ ጉድ 1,000 ይያዙ። የቀረው 1,700 ዶላር ከፍተኛው የጨረታ ዋጋዎ ነው። በዚህ ዋጋ አይገኝም? አለመግዛትም አንድ ውሳኔ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት የካሜራው ወጪ ነው። ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ያለ ካምሪ ግጭት ሲያሰጋ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ይዞ ይመጣል። የፊት መስታወቱ ወይም ፓራውልቱ ተቀይሮ ካሜራውና ራዳሩ ካልተስተካከሉ ግን መኪናው የሚያየው የተሳሳተ መንገድ ነው። ግቢ ውስጥ በሚሠራ ወዳጅ እጅ ይህ አይሆንም፤ መሣሪያው አለው ወይ ብለው ይጠይቁ።

«ኢንሹራንስ እንደማንኛውም መኪና ይገባለታል»

ለሌላው ሰው ጉዳት የሚከፍለውን አብዛኛውን ጊዜ ያገኛሉ። የራስዎን መኪና የሚሸፍነውን ግን አንዳንዱ ኩባንያ ጨርሶ አይሰጥም፤ የሚሰጠውም ፎቶና ምርመራ ይጠይቃል፣ ጉዳት ሲደርስም የሚከፍለው በሪቢልት ዋጋ ነው። ብዙ ባንኮችም ለእንዲህ ያለው መኪና አያበድሩም፤ ባንክ የሚያበድረው ሙሉ ሽፋን ካለ ነውና። ቪኑን ይዘው ከመግዛትዎ በፊት ለኩባንያዎ ይደውሉ።

«ሪቢልት ስለሆነ ኡበር እሠራበታለሁ»

አይሠሩበትም። ኡበርም፣ እንደ እሱ ተሳፋሪ የሚያገናኘው ሊፍት የተባለው ድርጅትም ሳልቬጅና ሪቢልት አይቀበሉም፤ መኪና የሚያከራዩበት ቱሮም እንዲሁ። በየከተማው ይህን ሳያውቅ ያጠራቀመውን በፕሪየስ ላይ ያፈሰሰ ሾፌር አይጠፋም፤ ሻጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያውቅ ነበር።

«ጥቂት ዓመት ነድቼ በገዛሁበት እሸጠዋለሁ»

ምልክቱ አይለቅም። ዛሬ እርስዎን ያሰጋ ወረቀት የነገውን ገዢም ያሰጋል፤ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ በቅያሪ እንኳ አይወስዱትም። ሪቢልት የሚያዋጣው ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል፣ ጉዳቱን በፎቶ ላየና መኪናውን እስኪያልቅ ለሚነዳ ሰው ነው። ለሁለተኛ የቤት መኪና፣ በረዶ ያጎደጎደው ኮሮላ በጥሩ ዋጋ ከተገኘ፣ እኔም አልቃወምም።

«ካልሆነም ጠግኜ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ»

ይህ በር ተዘግቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በጃንዋሪ 2024 የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። «እንግዲያው የኤሌክትሪክ ሳልቬጅ እልካለሁ» የሚል ካለ ደግሞ፣ የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ በማጓጓዣ ሕግ አደገኛ ጭነት ነው። የመርከብ ድርጅቱ አልጭንም ካለ መኪናው ባልቲሞር ወደብ ላይ ቆሞ የማቆያ ክፍያ ይቆጥራል፤ ከፋዩም እርስዎ ነዎት።