ስለ ምያንማር ቡጢ የሚወራውና እውነቱ

«ሌትዌይ ሕግ የለውም»
ሌትዌይ ለተባለው የምያንማር ባህላዊ ቡጢ ይህን ስም ያተረፈለት ቴስታ መፍቀዱ ነው። ቡጢ፣ ካልቾ፣ ጉልበትና ክርንም ይፈቀዳሉ፤ ተቃቅፎ መጣልም ይቻላል። መንከስ፣ ዓይን መጓጎጥ፣ ብልት መምታትና የወደቀን መምታት ግን ክልክል ነው። ጓንት የለም፤ እጅ በፋሻና በፕላስተር ብቻ ይጠቀለላል። ፋሻው የሚደግፈው የመቺውን አጥንት ነው፣ ያውም በከፊል። ጓንት የለመደ ሰው ፊት ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሰነዝር ባላጋራው አገጩን ቀብሮ ግንባሩን ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ የሚሰበረው የመቺው እጅ ነው።

«ብዙ የመታ ያሸንፋል»
በባህላዊው ደንብ ነጥብ አይያዝም። ግጥሚያው ባለ 3 ደቂቃ 5 ዙር ነው፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ከቆሙ፣ አንዱ ሲደበደብ ቢያመሽም፣ ውጤቱ አቻ ነው። ካናዳዊው ዴቭ ለዱክና የምያንማሩ ተጋጣሚ ቱን ቱን ሚን በነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩት በአቻ ነበር፤ ለዱክ ያሸነፈው በታኅሣሥ በተደረገው የመልስ ግጥሚያ ነው። ነጥብ የሚሰጡ ዳኞች የሚታዩት በዘመናዊው ደንብ በሚካሄዱ ውድድሮች ነው።

«ራሱን የሳተ አበቃለት»
እንግዳውን ሰው በጣም የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ዳኛው እስከ 10 የሚቆጥረው በየ2 ሰከንዱ ስለሆነ የወደቀው 20 ሰከንድ ያገኛል። ካልተነሣም ረዳቶቹ የ2 ደቂቃ ፋታ ሊጠይቁለት ይችላሉ፤ ውሃ ያፈሱበታል፣ ያሹታል፣ ከነቃና «እቀጥላለሁ» ካለ ይመለሳል። ፋታው በአንድ ግጥሚያ አንዴ ብቻ ነው፣ በ5ኛው ዙር ደግሞ ጨርሶ የለም። ስለዚህ በ2ኛው ዙር የጣለ ሰው ጉልበቱን አሟጦ ከጨፈረ፣ ያረፈ ባላጋራ ይጠብቀዋል። እንደኛ ግን የስፖርቱ ደካማ ጎን ይህ ደንብ ነው፦ ቆሞ መሄድ የቻለ ሰው አንጎሉ አገግሟል ማለት አይደለም፣ ሁለተኛው ምት ደግሞ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

«የታይ ቦክስ ቅጂ ነው»
ጎረቤታሞች ስለሆኑ ይመሳሰላሉ፤ ሌትዌይ ግን በአሸዋ ሜዳ ላይ የኖረ የራሱ ባህል አለው። ዘመናዊ ሥርዓት ያስያዘው በ1952ቱ (እ.ኤ.አ.) የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በቦክስ የተወዳደረው ቻ ባ ኒየን ነው።

«ክንድ መምታቱ ስድብ ነው»
ግራ ክንድን አጥፎ በቀኝ መዳፍ ጠፍ ማድረግ ሌካ ሙን ይባላል፤ «ና፣ እንጋጠም» የማለት የክብር ጥሪ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄደውን ጭፈራ ከግጥሚያው በፊት ሁለቱም፣ ካለቀ በኋላ አሸናፊው ያደርጉታል። ሙዚቃው እዚያው በከበሮና በመለከት ይጫወታል፤ ድብድቡ ሲጦፍ ምቱም ይፈጥናል።