ራኩንን በቤት ማሳደግ

ራኩን የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ የሆነ፣ ዓይኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል፣ ጅራቱ ባለ ቀለበት የሌሊት እንስሳ ነው። ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ እንቁራሪት፣ በቆሎ፣ ከቆሻሻ መጣያ የተረፈ ምግብ፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ሰውን የሚማርኩት በተለይ የፊት እግሮቹ ናቸው። ባለ አምስት ጣት ሲሆኑ የመዳሰስ ችሎታቸው እጅግ የረቀቀ ነው፤ ምግቡን ውሃ ውስጥ እያገላበጠ ሲዳብስ ላየው ዕቃ የሚያጥብ ሕፃን ይመስላል።

በ1926 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ለምስጋና ቀን ማዕድ እንዲቀርብ ከሚሲሲፒ አንድ ራኩን ከነሕይወቱ ተላከ። ቤተሰቡ ግን ሊያርደው አልፈለገም፤ ሬቤካ የሚል ስም ሰጥቶ አሳደጋት። ቀዳማዊት እመቤት ግሬስ ኩሊጅ በማሰሪያ ይዘዋት ይታዩ ነበር። እንዲህ የተወደደችው ሬቤካ እንኳ በመጨረሻ የተላከችው ወደ ዋሽንግተን መካነ እንስሳት ነው።

ብዙ ቤተሰቦችም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠማቸውም። ጡጦ እየጠባ ጭን ላይ የሚተኛው ግልገል አንድ ዓመት አልፎት ለመራባት ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይናከሳል፣ ይቧጭራል። እነዚያ የተወደዱ ጣቶች የቁም ሣጥንና የማቀዝቀዣ በር ይከፍታሉ። ይህ የአሳዳጊው ጥፋት ብቻ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር መኖርን በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት እርባታ ወርሷል፤ ራኩን ግን ቢላመድ እንኳ ተፈጥሮው የዱር ነው። እንክብካቤ ካገኘ ሃያ ዓመት ገደማ ሊኖር ስለሚችል በጉጉት የተጀመረው ነገር ረጅም ሸክም ይሆናል። በጠባብ ቤት ተዘግቶ የሚውል ራኩን በቀላሉ ከመጠን በላይ ይወፍራል።

የጤናው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስባል። በአንጀቱ የሚኖር የወስፋት ዝርያ እንቁላሎቹን በዓይነ ምድሩ ይጥላል፤ እነዚህ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፣ በረኪናም አይገድላቸውም። ሰው ከዋጣቸው ትሉ ወደ አንጎልና ወደ ዓይን ሊሄድ ይችላል፤ አፈር የነካ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ የሚከቱ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ራኩን የእብድ ውሻ በሽታም ያስተላልፋል። በአሜሪካ እንደ ውሻና ድመት በመርፌ የሚሰጠው የጸደቀ ክትባት የለም፤ ስለዚህ ሰው ከነከሰ አብዛኛውን ጊዜ ተገድሎ አንጎሉ ይመረመራል። አንዲት ንክሻ የምትወዱትን እንስሳ ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች።

የዚህ ፍቅር መዘዝ በግልጽ የታየው በጃፓን ነው። በ1977 ራኩን ስላሳደገ ልጅ የሚተርክ የካርቱን ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሕዝቡ በእንስሳው ተማረከ፤ ከውጭ የሚገቡትም በየዓመቱ እስከ 1,500 ደረሱ። ግልገሎቹ አድገው ሲያስቸግሩ ብዙዎቹ ጫካ ተለቀቁ፣ ሌሎቹ አመለጡ። አድኖ የሚበላቸው ትልቅ አውሬ ባለመኖሩ ተባዝተው የገበሬውን በቆሎና ሐብሐብ አወደሙ፤ የጥንት የእንጨት ቤተ መቅደሶች ጣሪያ ውስጥ ገብተው ቅርስ አበላሹ። መንግሥት በ2004 ባወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ማስገባትንም ማሳደግንም ከለከለ፤ ሲከለክል ግን ራኩን በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተሰራጭቶ ነበር።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ በ1934 በኤደርዜ ሐይቅ አጠገብ የተለቀቁት ሁለት ጥንዶች ብቻ ነበሩ። ዛሬ የካሰል ከተማ ነዋሪዎች ጣሪያቸው ላይ ራኩን ማየት ብርቃቸው አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እንስሳውን ከወራሪ መጤ ዝርያዎች ዝርዝር አስገብቶ መሸጥና ማራባትን ከልክሏል፤ ቀድሞ የነበራቸው ሰዎች ግን እንዳይራባና እንዳያመልጥ ጠብቀው እስኪሞት ሊያቆዩት ይችላሉ።

በአሜሪካ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አንዳንዶቹ በፈቃድ ያስችላሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ ግን በቤት ማሳደግን ትከለክላለች። እናቱ የሌለች የመሰለ ግልገል ግቢ ውስጥ ሲገኝ፣ እናቲቱ ልትመለስ ስለምትችል ሳይነኩ ከርቀት መጠበቅ ይሻላል፤ ካልተመለሰች ለዱር እንስሳት እንክብካቤ ፈቃድ ላለው ባለሙያ መደወል ተገቢ ነው።